ጤነኛ ተብሎ የተቀመጠ ደም

ሰኞ

ሐያት ከአሥራ ሁለቱ ስላይድ ሦስቱን ሳተች። የቀለም ዝቃጭ አይታ ወባ ነው አለች። «ይሄንን እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳልጨርስ አልሳትም ነበር» አልኳት። ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም ነበር።

ሐያት ልጄ ናት፣ ሐኪም ናት። የደም በሽታ ስፔሻሊስት ለመሆን ዱባይ ካለ አንድ ሆስፒታል ስትሠለጥን ሦስት ዓመቷ ነው። ፈተናው የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ነው። ዘጠኝ ቀን ቀረ። ሃያ ስላይድ፣ ደም የተቀባባቸው መስታወቶች፣ በማይክሮስኮፕ ታያለች፣ ለእያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣታል፣ ያየችውንና የበሽታውን ስም ትጽፋለች። ባለፈው ዓመት የጽሑፉን አልፋ በዚህኛው ወደቀች። ዘንድሮም ከወደቀች ሥልጠናው ያበቃል፤ ሦስት ዓመቱ ባዶ ይቀራል።

ወረቀት የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ። ወሎ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ስላይድ አጣቢ ሆኜ ገባሁ፣ እያጠብኩ ማየት ተማርኩ፣ ሠላሳ ዓመት የሰው ደም አነበብኩ። ከመዝገብ ላይ የተጻፈው ግን እስከ መጨረሻው ቀን «ረዳት» ነው። ሐያት ረዳት አትሆንም።

ከአገር ስመጣ ቁርአኔንና የስላይድ ሣጥኔን ይዤ ነው የመጣሁት። አርባ ስላይድ። እሷ ደግሞ ከተዘጋ ክሊኒክ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ገዝታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተከለችው። ስለዚህ እኛ የምንበላው ምንጣፍ ላይ ነው።

ችግሩ ሣጥኑን ሸምድዳዋለች። አሥራ ሰባት ቁጥር ጥጉ የተሰበረው ነው፤ ሳታየው ታውቀዋለች። አዲስ ስላይድ ያስፈልጋል። ከአርባው ሌላ የነበረኝ የጤነኛ ሰው ስላይድ ደግሞ ጉዞ ላይ ተሰብሯል። ፈተና ላይ ጤነኛ ደም ያስገባሉ፤ ተማሪው የሌለ በሽታ ሲፈልግ እንዲውል። ወጥመድ ነው። ከዚያ ወጥመድ ውስጥ አስገብቼ ላያት አሰብኩ።

ማክሰኞ

የምንኖረው ከዱባይ ሻርጃን አልፎ፣ አጅማን ነው። በእርጥበቱ ሰውን ብቻ ሳይሆን መስኮቱንም በውጭ በኩል ያልበዋል። ሊፍቱ ተበላሽቷል። ከሱቅ ተመልሼ ሦስት ፎቅ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። የሕንጻው ጠባቂ «ባባ፣ ሙሽኪላ?» አለኝ፤ ችግር አለ ወይ ማለቱ ነው። «ሙሽኪላ የለም» አልኩት። ስንፍና ነው። ሰው ቤት ከዋለ ጉልበቱ ይሰንፋል።

የዛሬ ሥራዬ፦
ጊምሳ የሚባለውን የደም ቀለም በጠበጥኩ።
አዲሶቹን መስታወቶች አጠብኩ። ሐያት የገዛችልኝ ናቸው፣ ጫፋቸው እንደ በረዶ ነጭ፣ እርሳስ የሚጽፍባቸው።
ጣቴን ወጋሁ፣ ደሜን መስታወት ላይ ቀባሁ። አልደርቅ ብሎ ተበላሸ።
የቤቱን አየር የሚያቀዘቅዘው ኤሲ ሥር ቆሜ እንደገና ቀባሁ። ደረቀ።

እኛ ላብራቶሪ አዲስ ቀለም ሲበጠበጥ መጀመሪያ የሚቀባው የራሳችን ደም ነበር። ቀዩ ቀይ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ ከሆነ ቀለሙ ደኅና ነው፤ ከዚያ የበሽተኛው ይገባል። ባልደረቦቼ መርፌ ስለሚፈሩ ተራው ሁልጊዜ የኔ ነበር። ሠላሳ ዓመት የዚያ ሆስፒታል ጤነኛ ሰው እኔ ነበርኩ።

ጠርዙን አየሁት። ቀለሙ ይዟል። በቃኝ። 41 ብዬ ጽፌ ሣጥኑ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኩት።

ረቡዕ

ዛሬ ልምምድ የለም። ሐያት ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል። ሻርጃ ላይ መንገዱ ተዘግቶ መኪና ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀምጣለች።

«አንድም ስላይድ አላይም፣ ኸላስ፣ በቃኝ አባ» አለች። ልቆጣ ነበር። ከዚያ ስለ ቀኑ ነገረችኝ። ስም አትጠራም፤ የሰው ደም የሰው ሚስጥር ነው፣ እኔው ነኝ ያስተማርኳት።

አንዲት የእኛ አገር ልጅ ናት፣ አል ዋርቃ በሚባል ሰፈር ቪላ ውስጥ የምትሠራ። ማዳሟ፣ አሠሪዋ፣ ራሷ ይዛት መጥታለች። «ሰነፍ ሆነችብኝ፣ ደረጃ ስትጠርግ ትቀመጣለች። በሽታ ካላት ንገሩኝ፣ ከሌላት ለኤጀንሲው እመልሳታለሁ» ብላ። ልጅቱም በአማርኛ ለሐያት፣ «እትዬ ዶክተር፣ ዋላሂ ሰነፍ አይደለሁም፣ እግሬ ነው እምቢ ያለኝ» አለቻት። ደሟ ሲለካ ሰው ሊኖረው ከሚገባው ግማሽ አይሞላም። ብረት የሚባል ነገር አልቋል። በየወሩ ብዙ ይፈሳት ነበር፣ ለማን ትንገር።

«ማዳሟን ምን አልሻት?» አልኩ።

«ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። እርስዎ በዚህ ደም ቢሆኑ ከአልጋ አይነሱም፣ እሷ ግን ደረጃ እየጠረገች ነው አልኳት። ሴትየዋ ራሷ ወንበር አመጣችላት።»

ጥሩ ሠርታለች። አልነገርኳትም። የተመሰገነ ተማሪ ይዘናጋል።

ሐሙስ

አንሶላው ጠዋት እርጥብ ነበር። ኤሲውን ማስተካከል አለብኝ።

ቀን ተኛሁ። ይሄ ልማዴ አይደለም። ወደ መስጊድ ስሄድ ግሮሰሪው ደጃፍ ቆምኩ፤ የግሮሰሪው ሰው ወንበር ሊያመጣልኝ ተነሣ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ አረፍኩ።

ሐያት ከአሥር ስላይድ አንድ ብቻ ሳተች። የሳተችውን ሦስት ጊዜ አሳየኋት። «ገባኝ እኮ» አለች። «አንዴ የገባ ይወጣል» አልኳት።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ አሥራ ሁለት ስላይድ ደረደርኩላት። አርባ አንድ ቁጥርን ስምንተኛ ላይ አስገባሁት። ሰባቱን በፍጥነት አለፈች። ስምንተኛው ላይ ስትደርስ መስታወቱን ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ ጀመረች። ሳቄን ዋጥኩ፤ በሽታ ፍለጋ ስትዞር ታየኝ።

«ያየሽውን ተናገሪ። ስሙን በኋላ ትጠሪዋለሽ» አልኳት። ዘወትር የምላት ነው። አለቃዋ ዶክተር ዑስማንም የሚሉት ይሄንኑ ነው ብላኛለች፤ ሱዳናዊ ናቸው።

«ቀዮቹ ሕዋሳት ክብ አይደሉም» አለች። «ብዙዎቹ እንባ ይመስላሉ፣ አንድ ጎናቸው ሹል ነው። አስኳል ያለው ቀይ ሕዋስም አለ። ይሄ ከአጥንት መቅኔ መውጣት አልነበረበትም። ያልበሰሉ ነጮችም አሉ።»

«የሌለ አትጨምሪ።»

«አልጨመርኩም። ሦስት አገኘሁ። ይኸው አራተኛ።»

«ታዲያ ሰውየው ምን ሆኗል ነው የምትይው?»

ዓይኗን ከሌንሱ ሳታነሣ፣ ለፈታኝ እንደምትመልስ እያደረገች ተናገረች። ቃሏን እንዳለ እጽፈዋለሁ፣ አልረሳውምና።

«መቅኔው ወደ ጠባሳ እየተለወጠ ነው። ማይሎፋይብሮሲስ ይባላል። መቅኔው ደም መሥራት ሲያቅተው ጣፊያው ልሥራ ይላል፣ ያብጣል፣ ጨጓራን ይገፋል። ሰውየው ሁለት ጉርሻ በልቶ ጠገብኩ ይላል። ሌሊት ያልበዋል። ፊቱ ይከሳል፣ ሆዱ በግራ በኩል አይከሳም። ይደክመዋል፤ እሱ ግን ያረጀ ነው የሚመስለው።» ቀና አለች። «ልክ ነኝ?»

«ቀጥይ» አልኳት።

«ማነው ግን? የየት ዘመን በሽተኛ ነው?»

«የድሮ ነው።»

«ምን ሆነ?»

«እንጃ። በሽተኛ ይመጣል፣ ይሄዳል።»

የቀሩትን አራት ምን እንዳለች አላውቅም። አልሰማኋትም።

ቅዳሜ

ሐያት ተረኛ ናት። እስክትወጣ ጠበቅኩ።

በመጀመሪያ ያመካኘሁት በእጄ ነው። ሲቀባ መስታወቱ ከተጫነ ቀዩ ሕዋስ ይጎተትና እንባ ይመስላል፤ እርጥበትም ያበላሻል። የእጅ ጥፋት ግን መለያ አለው። ጥፋቱ የቀቢው ከሆነ ጭራቸው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል፣ ንፋስ እንደነካው ሣር። የደሙ ከሆነ ወደየራሱ ይዞራል። ይሄንን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፣ ከሠላሳ ዓመት ነው ያገኘሁት።

ዘይት አድርጌ በትልቁ ሌንስ አየሁ። ጭራቸው ወደላይ፣ ወደታች፣ ወደ ግራ።

አላመንኩም። ጣቴን ወጋሁ፣ ሌላ ቀባሁ። ያው ነው። ሌላ ጣት ወጋሁ፣ በጣም ቀስ ብዬ ቀባሁ። ሦስተኛ ጣት። ሦስቱም ያው።

ስንት ዓመት ደሜን ሳይ ኖሬ ማየት የነበረብኝን አላየሁም። የማየው ቀለሙን ነበር። ጤነኛ ብዬ የፈረድኩበትን ሰው ለምን አየዋለሁ?

ጋደም ብዬ በግራ የጎድን አጥንቴ ሥር ዳበስኩ። ጠንካራ ነገር አለ። የቀበቶዬን ቀዳዳ የምለዋውጠው ልብሱ ሰፋ ብዬ ነበር።

ወሰንኩ፦ እስከ ረቡዕ አልናገርም። አሁን ከሰማች ማይክሮስኮፕ ላይ አትቀመጥም፤ እኔን ይዛ ትዞራለች። ይሄ በሽታ በአራት ቀን አይገድልም። ወረቀቷ ግን በአንድ ቀን ያመልጣታል።

ሦስቱን አዲስ ስላይዶች በጋዜጣ ጠቅልዬ ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ከክረምት ካፖርቴ ኪስ ከተትኳቸው። እዚህ አገር ያንን ካፖርት የሚነካ የለም።

እሑድ

ይማም መጣ። የአገሬ ልጅ ነው፣ ሾፌር፣ ዱባይ ካራማ በሚባል ሰፈር ቤድ ስፔስ ይኖራል፤ የሚከራየው የአልጋ ስፋት ብቻ ነው። እሑድ ዕረፍቱ ስለሆነ ከእኛ ጋር ይበላል። ሐያት ሩዝና ሥጋ ሠርታ፣ እንደ አገራችን ወግ ውሃ ይዛ እጃችንን አስታጠበችን። የኔን እጅ ያዝ አድርጋ ትንሽ አቆየችው። ሳሙናው አልወጣ ብሎ ነው መሰለኝ።

ሦስት ጊዜ ጎርሼ ተውኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሥጋ ያስተረፈ ወሎዬ ዛሬ ገና አየሁ» አለ ይማም።

«ጠገብኩ።»

«ምኑን? ሽታውን?»

ሐያት አልሳቀችም። ሳህኑን አንሥታ ወደ ማእድ ቤት ገባች። በሩ ሲዘጋ፣ «ሚስጥር ትይዛለህ?» አልኩት።

«አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነን ነው የምንተኛው። ሚስጥር ከመያዝ ሌላ ምን ሥራ አለን?»

ነገርኩት። ቀልዱን አቆመ። «ሌላው ሰው ሐኪም ፍለጋ ከአገር አገር ይዞራል። አንተ ቤትህ ካለችው ትደበቃለህ? እልኽ ነው ይሄ።»

«አራት ቀን ነው።»

«ያቺ ልጅ በኋላ ስትሰማ አራት ቀን አይመስላትም።»

አስማልኩት። ማለ፣ ግን ሲወጣ አላየኝም።

ሰኞ

አሥራ ሁለት ከአሥራ ሁለት። አንድም አልሳተችም። እጇ ፈጥኗል፣ ቃሏ አጥሯል። አርባ አንድ ቁጥርን ከሣጥኑ አውጥቼዋለሁ፤ የት ሄደ ብላ አልጠየቀችም።

ምግብ በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ማቅረብ ጀምራለች፣ ሾርባ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ትንሽ። እሷ ስትወጣ ደግሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ አምስት ትንንሽ ዕቃ ደርድራ ክዳኑ ላይ ሰዓት ጽፋበታለች። «ሕፃን ነኝ እንዴ?» አልኳት። «ፈተና ስላለብኝ ድስት ማጠብ አልፈልግም» አለች። የማይገናኝ መልስ ነው። ግን አምስቱንም በላሁ።

ማክሰኞ

ደከመኝ። ይሄንን ቃል በዚህ ደብተር ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐያት ቀደም ብላ ገባች። የአል ዋርቃዋ ልጅ ብረቱን በደም ሥሯ መውሰድ ጀምራለች፤ ማዳሟ ለኤጀንሲው ልመልሳት ያለችውን ትታዋለች። ነርሷ መርፌውን ስትሰካ ልጅቱ «ስንፍናዬን ነው የሚያወጡልኝ?» ብላ ሳቀች አሉ። 

ዛሬ ስላይድ ከለከልኳት። በፈተና ዋዜማ ዓይን ያርፋል። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ምንም ሳትሠራ ስታየኝ ቆየች። «ምን ታያለሽ?» አልኳት። «ምንም» አለች። «ያየሁትን ልናገር ወይስ ስሙን?» ልትል የፈለገች መሰለኝ፣ አላለችም። ሐሳቤ ነው።

ረቡዕ

ጠዋት ስትወጣ ግንባሬን ሳመች። «አትቸኩዪ። የመጀመሪያው ሐሳብሽ ላይ ሙጭጭ አትበይ» አልኳት። «እሺ አባ።»

ቀኑ አልሄድ አለ። ቁርአን ገለጥኩ፣ መስመሩ ጠፋኝ። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ሰዓት እያየሁ በላሁ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ገባች። ቦርሳዋን አስቀመጠች። «ሃያውንም አየሁ። አንዱን እርግጠኛ አይደለሁም። አንዱ ጤነኛ ነበር፣ አልሸወደኝም። ውጤቱ በሳምንታት ውስጥ ይላካል።»

ሻይ ቀዳሁላት። እንግዲህ ልንገራት ብዬ ጉሮሮዬን ስጠርግ ቀደመችኝ።

«ነገ ጠዋት ዶክተር ዑስማን ይጠብቁዎታል። ያላ፣ ዛሬ ቶሎ ይተኙ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «መቼ አወቅሽ?»

«እሑድ፣ እጅዎን ሳስታጥብ። ሦስት ጣት ላይ ሦስት ቀዳዳ። ጤነኛ ሰው ራሱን ሦስት ጊዜ አይወጋም።» ሦስቱን ጣቶቼን አንድ በአንድ ነካች። «የድሮ ሰው ነው አሉኝ። አርባ አንድ ቁጥር እኮ አዲሱ መስታወት ነው፣ ጫፉ ነጭ፣ እኔ የገዛሁልዎ። ዓርብ አላስተዋልኩትም፤ በደሙ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር አባ! ከባድ ነገር አወቅሁ ብዬ።»

«ታዲያ ከእሑድ ጀምሮ ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎ ለምን ዝም አሉ?»

መልሱ አንድ ነው። ብናገር ፈተናውን እንደማትቀመጥ ፈርቼ ነው፤ እሷም ብትናገር አባቷ «በእኔ ምክንያት ወደቀች» ብሎ እንደሚኖር ፈርታ ነው። ሰኞ ዕለት ቀጠሮውን ይዛለች፤ ለሐሙስ ነው የተገኘው፣ ከፈተናው በፊት ቦታ አልነበረም። «ቢኖርስ?» አልኳት። «ፈተናውን እተወው ነበር» አለች። ተቆጣሁ። እሷም ተቆጣች። በሕይወቷ ጮኻብኝ አታውቅም፣ ዛሬ ጮኸች። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣ እኔም ሾርባ አሞቅኩላት።

ሐሙስ

ዶክተር ዑስማን ረጅም ሰው ናቸው፣ በዓረብኛ ቀስ ብለው አናገሩኝ። ሆዴን ዳበሱ። ጣፊያው እምብርቴ አካባቢ ደርሷል። አርባ አንድ ቁጥርንም ራሳቸው አዩት።

«ማን ነው የቀባው?»

«እኔ።»

«እንዲህ ቀጥ ያለ ጠርዝ ካየሁ ቆየሁ። ቴክኒሺያን ነበሩ?»

«ረዳት» አልኩ።

«ረዳት ከሆኑስ ከእንግዲህ የእኛን ልጆች ይርዱልን» አሉ። ሐያት ወደ መስኮቱ ዞረች።

የመቅኔውን ናሙና ልጅ ከአባቷ አትወስድም፣ ሕጋቸው ነው። የወሰደችው ባልደረባዋ ናት፣ እዚሁ አገር የተወለደች ወጣት፣ በሥልጠና ላይ ያለች። በጎኔ አስተኙኝ። ዳሌዬ ላይ አደነዘዙኝ፣ መርፌው ገባ። እጇ ሲፈራ ይታወቀኛል። «አትፍሪ። ከፈራሽ ሁለቴ ትወጊኛለሽ» አልኳት በአማርኛ። ሐያት ከራስጌዬ ተርጉማ ነገረቻት፤ ልጅቱ በሳቅ እጇ ጸና።

መርፌውን ሳበች፣ ምንም አልመጣም። ሌላ ቦታ ሳበች፣ ምንም። ማንም ሳይናገር ገባኝ፤ ጠባሳ አይቀዳም። ሐያት እጄን ጨበጠችኝ፣ ሐኪም እንደሚይዝ ሳይሆን። ከዚያ ከአጥንቱ ቁራጭ ወሰዱ። ያማል። አልጮህኩም፤ ግን ያማል ብዬ ተናገርኩ፣ ሐያት ይናገሩ ስላለችኝ።

ውጤቱ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ጣፊያውን የሚያሳንስ ኪኒን አለ አሉ። ማዳን አይደለም። ጥሩ ሆኖ ለዓመታት የሚቆይ አለ፣ የማይቆይም አለ። የትኛው እንደሆንኩ አጥንቱ ይናገራል። ቁርጥ ያለ መልስ ጠየቅኳቸው፤ የሌለኝን አልሰጥም አሉኝ። ወደድኳቸው።

ዓርብ

ዳሌዬ ይጠዘጥዘኛል። ጁምዓን ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰገድኩ። የግሮሰሪው ሰው ወንበር ሲያመጣልኝም ተቀመጥኩ።

ይማም ደወለ፣ «መሐላዬን አላፈረስኩም፣ አላህ ይመስክርልኝ!» እያለ። «ልጅቱ ናት ያወቀችው» አልኩት። «የአባቷ ልጅ ናታ፣ ምን ትሁን» አለ።

ከምሳ በኋላ ሣጥኑን አወጣሁ። በአርባ አንድ ቁጥር ጫፍ ላይ በእርሳስ ስሜን ጻፍኩ። የሌሎቹን አርባዎች ስም አላውቅም። ያ ዛሬ ከበደኝ።

«ሣጥኑ አሁንም ጤነኛ የለውም» አልኳት ለሐያት። «ፈተናው ቢያልፍም ሌላ የሚማር ይኖራል።»

መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። የቀለበት ጣቷን ዘረጋችልኝ።

መርፌውን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ሠላሳ ዓመት ስንት ሰው ወግቻለሁ፣ እንዲህ ያመነታሁት ግን ዛሬ ነው። «ከፈሩ ሁለቴ ይወጉኛል» አለች። ወጋሁ። ቀባሁ፣ ኤሲው ሥር አደረቅሁ፣ ቀለም አለበስኩ።

በዚህ ጊዜ ጠርዙን አይቼ አላቆምኩም። ከአንድ ጫፍ ጀምሬ፣ እንደሚያርስ ሰው መስመር በመስመር፣ ሙሉውን አየሁት። ሐያት ሁለት ጊዜ «አባ፣ ምን አገኙ?» አለችኝ፣ እኔ ግን ዓይኔን ከሌንሱ አላነሣሁም። ዓይኔ እንባ ሲያመጣ ጠርጌ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ላይ ወርዳ ምንጣፉ ላይ ደረሰች።

ክብ ናቸው። ሁሉም ክብ ናቸው።

42 ብዬ ጻፍኩ፣ ስሟንም ጻፍኩ።